የቤይሩት ሰገነቶች ባትሪ እና የኤሌክትሮን ምርጫ

እ.ኤ.አ ኦክቶበር 9 ቀን 2021 ሊባኖስ ጨለመች። ከአገሪቱ ማመንጫዎች ዋነኞቹ የሆኑት፣ በሰሜን የሚገኘው የዴር አማር እና በደቡብ የሚገኘው የዛህራኒ ጣቢያ ነዳጅ አልቆባቸው ቆሙ፤ ብሔራዊው የኤሌክትሪክ መረብም አብሮ ተዘጋ። ጦር ሠራዊቱ ከራሱ ክምችት በሰጠው ነዳጅ መረቡ በማግስቱ ዳግም ሥራ ቢጀምርም፣ በዚያ ወቅት አንድ የቤይሩት ቤተሰብ ከመንግሥት የሚያገኘው መብራት በቀን ከአንድና ከሁለት ሰዓት ብዙም አይዘልም ነበር።

ችግሩ በአንድ ጀምበር የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1975 ተጀምሮ በ1990 ያበቃው የእርስ በርስ ጦርነት ካለፈ ወዲህ እንኳ ሊባኖስ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ መብራት የሚያደርስ መረብ አልነበራትም። ከቀውሱ በፊት በማዕከላዊ ቤይሩት መብራት የሚጠፋው በቀን ለሦስት ሰዓት ያህል ሲሆን፣ ከከተማዋ ወሰን ወጥተው ወደ ቡርጅ ሐሙድ፣ ወደ ሲን ኤል ፊል ወይም ወደ ደቡባዊው ዳሂዬ ሲሻገሩ ግን የጨለማው ሰዓት በብዙ ይረዝም ነበር። ከዚያም በ2019 የገንዘብ ቀውሱ ደረሰ፤ የሊባኖስ ሊራ ከዘጠና በመቶ በላይ ዋጋውን አጣ፤ ባንኮችም የአስቀማጮችን ገንዘብ ያዙ። ኦገስት 4 ቀን 2020 በወደቡ የደረሰው ፍንዳታ ደግሞ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ከወደቡ ፊት ለፊት በማር ሚካኤል ሠፈር የሚገኘውን የኤሌክትሪክ ኩባንያውን ዋና መሥሪያ ቤት ጭምር ክፉኛ አፈረሰው።

ሕዝቡ መላ ከመፈለግ አልቦዘነም። በመጀመሪያ የሠፈር ጄኔሬተር ነበር፤ ነዋሪው በየወሩ ለባለ ጄኔሬተሩ የሚከፍለውን ገንዘብ «ኢሽቲራክ» ይለዋል። የነዳጅ ድጎማ ሲነሣ ያ ክፍያ የብዙውን ሰው አቅም አለፈ። ስለዚህ የቻለ ሁሉ ዓይኑን ወደ ሰገነቱ አነሣ። ዛሬ ወደ ከተማዋ ከሚወርዱት ኮረብቶች ሆኖ ቤይሩትን ለሚመለከት ሰው፣ ድሮ የውኃ ታንከርና የሳተላይት ሳህን ብቻ ይታይበት የነበረው ጣሪያ በፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ተሸፍኖ ያገኘዋል። ሰሌዳው ቀን ያመርታል፤ ሌሊቱን የሚያሻግረው ግን በደረጃ ሥር ወይም በበረንዳ ጥግ የተቀመጠው ባትሪ ነው። ከጠቅላላው ወጪ ትልቁን ድርሻ ከሚወስዱት ዕቃዎች አንዱም እርሱ ነው።

ይህ ጉዳይ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በቤይሩትና በዙሪያዋ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን፣ አብዛኞቹ በቤት ሠራተኝነት የሚተዳደሩ እህቶቻችን፣ ሲኖሩ ቆይተዋል። አሳንሰሩ ሲቆም እስከ ስምንተኛው ፎቅ ዕቃ በማን ትከሻ እንደሚወጣ፣ የልብስ ማጠቢያው ሲጠፋ ልብሱ በማን እጅ እንደሚታጠብ አንባቢ ለመገመት አይቸገርም። እሑድ በዶራ አደባባይና በቡርጅ ሐሙድ ጠባብ መንገዶች የሚገናኙ ወገኖች ከቤተሰብ ጋር የሚነጋገሩበት ስልክም የሚሞላው ከዚያው ባትሪ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። ሁለቱም «ሊቲየም» ተብለው ከሚሸጡ ባትሪዎች አንዱ ለብዙ ዓመታት ሲያገለግል ሌላው ለምን ቶሎ ይደክማል? መልሱ በከፊል የሻጩ ታማኝነት፣ በከፊል የአያያዝ ጉዳይ ነው። ዋነኛው መልስ ግን ባትሪው ውስጥ ባለው ክሪስታል፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ በአንድ ኤሌክትሮን ምርጫ ላይ ያርፋል። የዚህ ምርጫ ሕግ የተገኘው ባትሪ ለመሥራት ባሰቡ ሰዎች አልነበረም፤ ምንጩ በሁለት ወጣት የፊዚክስ ሊቃውንት መካከል የተደረገ ክርክር ነው።

ዘመኑ እ.ኤ.አ 1934፣ ቦታው ኮፐንሃገን ነው። የሃንጋሪ ተወላጅ የሆኑትና ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ጀርመንን የለቀቁት ኤድዋርድ ቴለር፣ ከሶቪየቱ ሊቅ ሌቭ ላንዳው ጋር ተገናኙ። ቴለር ሩዶልፍ ሬነር ስለሚባል ተማሪያቸው ሥራ አጫወቷቸው፤ ሬነር ያጠናው አቶሞቹ በአንድ ቀጥተኛ መስመር የተደረደሩበትን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ነበር። ላንዳው ግን ተቃወሙ። ኤሌክትሮኑ እኩል ጉልበት ባላቸው ሁለት ሁኔታዎች መካከል የሚዋልል ከሆነ፣ ሞለኪውሉ ያንን የተመጣጠነ ቅርጽ ይዞ ሊቆይ አይችልም ሲሉ ተከራከሩ። ቴለር በበኩላቸው ቀጥተኛው ሞለኪውል ከዚህ ነጻ መሆኑን አስረዱ፤ ላንዳውም ተቀበሉ። ከላንዳው ጋር ተከራክሮ መርታት ብርቅ ነገር ነበርና ቴለር ይህን ክርክር በኋላ ዘመናቸው ደጋግመው አስታውሰውታል።

ይሁንና የላንዳው ሐሳብ ከቴለር አእምሮ አልጠፋም። ለንደን ከገቡ በኋላ፣ በእንግሊዝ አገር ከተወለዱትና እንደ እርሳቸው ሁሉ በላይፕሲግ ከተማሩት ከኸርማን አርተር ያን ጋር ሆነው ጉዳዩን መረመሩ። ሁለቱ ሰዎች ሞለኪውል ሊይዛቸው የሚችላቸውን የተመጣጣኝነት ዓይነቶች አንድ በአንድ ፈተሹ፤ አድካሚ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ በ1937 ባወጡት ጽሑፍ ላይ የደረሱበት መደምደሚያ ይህ ነው፤ አቶሞቹ በአንድ መስመር ካልተደረደሩ በቀር፣ ኤሌክትሮኖቹ እኩል ጉልበት ባላቸው ምህዋሮች መካከል ምርጫ ያላቸው ማንኛውም የተመጣጠነ ሞለኪውል በዚያ ቅርጹ ሊጸና አይችልም፤ ራሱን አዛብቶ ያንን እኩልነት ያፈርሳል። ሕጉ በሁለቱ ስም «የያን እና ቴለር ክስተት» ተብሎ ይጠራል። ቴለር ከዓመታት በኋላ በሃይድሮጂን ቦምብ ሥራቸው የዓለም መነጋገሪያ ሆኑ፤ በዚህ ጸሐፊ ዕይታ ግን ለሰው ልጅ የተሻለው ውርሳቸው ይኸኛው ነው።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ጓዳ መግባት ይበቃል። ሦስት ጉልቻ በእኩል ርቀት ተቀምጠዋል እንበል። ሦስቱ የሶዲየም አቶሞች ናቸው፤ ሦስት የሶዲየም አቶሞችን የያዘ ሞለኪውል በእርግጥም በቤተ ሙከራ ተጠንቷል። በዚህ ሞለኪውል ውስጥ የመጨረሻው ኤሌክትሮን የሚቀመጥባቸው ሁለት እኩል መቀመጫዎች አሉ። አንዱ መቀመጫ የኤሌክትሮኑን ደመና ወደ አንደኛው ጎን ያደላዋል፤ ሌላው ወደ ሌላው። ኤሌክትሮኑ በየትኛውም ቢቀመጥ አቶሞቹን የሚስብበት ኃይል በሁሉም ጎን እኩል አይሆንም። ስለዚህ አንዱ ጉልቻ ጥቂት ይርቃል፤ ወይም ሁለቱ ጥቂት ይቀራረባሉ። ይህ ሲሆን የአንዱ መቀመጫ ጉልበት ዝቅ፣ የሌላው ከፍ ይላል። ኤሌክትሮኑም ዝቅ ወዳለው ይሄዳል።

«አቶሞቹን ከቦታቸው ማንቀሳቀስስ ጉልበት አይጠይቅም ወይ?» የሚል አንባቢ ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። ይጠይቃል። ቁም ነገሩ ያለው በሁለቱ ሒሳቦች ልዩነት ላይ ነው። ኤሌክትሮኑ የሚያተርፈው ከመዛባቱ ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ አቶሞቹን የያዘው ማሰሪያ የሚያስከፍለው ግን በመዛባቱ ልክ እጥፍ በእጥፍ፣ ማለትም በራሱ እየተባዛ ያድጋል። በምሳሌ ቁጥር እንየው። አንድ እርምጃ መዛባት አራት ብር ቢያስገኝና አንድ ብር ቢያስወጣ ትርፉ ሦስት ነው። ሁለት እርምጃ ስምንት ያስገኛል፣ አራት ያስወጣል፤ ትርፉ አራት። ሦስት እርምጃ ዐሥራ ሁለት ያስገኛል፣ ዘጠኝ ያስወጣል፤ ትርፉ ተመልሶ ሦስት ይሆናል። ሞለኪውሉ ሁለተኛው እርምጃ ላይ ይቆማል ማለት ነው። እርምጃውን የፈለግነውን ያህል ብናሳንሰው፣ ለምሳሌ አንድ አሥረኛ ብናደርገው፣ ገቢው ዐርባ ሳንቲም ወጪው አንድ ሳንቲም ነው። በመጀመሪያዋ ቅንጣት እርምጃ ላይ ወጪ ገቢን የሚበልጥበት አጋጣሚ ከቶ የለም። ፍጹም የተመጣጠነው ቅርጽ ሊጸና ያልቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ግን መታከል አለበት። መጀመሪያ የሚርቀው የትኛው ጉልቻ ነው? ሦስቱም እኩል መብት አላቸው። አቶሞች ደግሞ ዘወትር በንዝረት ላይ ናቸው፤ እንደ ድንጋይ ረግተው አይቀመጡም። ስለዚህ መዛባቱ ከአንዱ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው እየተዘዋወረ ሊዞር ይችላል። ታችኛው ክፍሉ ወደ ውስጥ የተቆለመመ ጠርሙስ ውስጥ አንዲት ጥራጥሬ ብንጥል መሃሉ ጉብታ ላይ አትቆምም፤ ወደ ዙሪያው ቦይ ወርዳ በዚያ ትሽከረከራለች። ጉብታው የተመጣጠነው ቅርጽ ነው፤ ቦዩ የተዛቡት ቅርጾች ናቸው። የኤሌክትሮኑ እንቅስቃሴና የአቶሞቹ ንዝረት ተቆራኝተዋልና አንዱን ከሌላው ነጥሎ ማስላት አይቻልም።

ይህ መዞር ሊቃውንቱን ለጊዜው አሳስቷቸዋል። ከ1950 ጀምሮ በኦክስፎርድ ብረቢስ ብሊኒ እና ባልደረቦቻቸው የመዳብ ጨው ክሪስታልን በማግኔትና በማይክሮዌቭ ሲመረምሩ፣ ተዛብቶ መገኘት የነበረበት መዳብ ፍጹም የተመጣጠነ መስሎ ታያቸው። በጣም ሲያቀዘቅዙት ግን ተዛብቶ አገኙት፤ ያውም በሦስት አቅጣጫ። በሙቀቱ ወቅት የተመጣጠነ የመሰለው መዛባቱ ስለሌለ ሳይሆን፣ በፍጥነት እየተዘዋወረ መሣሪያው አማካዩን ብቻ ስላየ ነበር። ዛሬ በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የምናውቀው ሰማያዊው ኮፐር ሰልፌት፣ የወይን ገበሬዎችም ከኖራ ጋር ቀላቅለው ለሻጋታ የሚረጩት፣ የዚሁ ምሳሌ ነው። በውስጡ ያለውን መዳብ ከከበቡት ስድስት ኦክስጅኖች አራቱ ቅርብ ሲሆኑ ሁለቱ ርቀው ይገኛሉ።

አሁን ወደ ባትሪው እንመለስ፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ማንጋኒዝ ነው።

የሊቲየም ባትሪ በአንድ ወገኑ የብረት ኦክሳይድ ወይም የብረት ፎስፌት ክሪስታል ይዟል። ባትሪው ሲሞላ የሊቲየም አቶሞች ኤሌክትሮናቸውን ትተው ከክሪስታሉ ይወጣሉ፤ ሲያገለግል ተመልሰው ይገባሉ። ክሪስታሉ እንግዳ እንደሚቀበልና እንደሚሸኝ ቤት ነው፤ ምሰሶው ሊናጋ አይገባም። እ.ኤ.አ በ1983 ደቡብ አፍሪካዊው ማይክል ታከሪ በኦክስፎርድ ከጆን ጉዲናፍ ጋር ሆነው፣ ስፒኔል የሚባለው የሊቲየም ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ክሪስታል ሊቲየምን በሚገባ እንደሚያስገባና እንደሚያስወጣ አሳዩ። ግኝቱ ትልቅ ተስፋ ነበር። ማንጋኒዝ በምድር ላይ በብዛት ይገኛል፤ ከኮባልት በእጅጉ ይረክሳል፤ መርዛማነቱም ያነሰ ነው።

እንቅፋቱ እዚሁ ጋ ነበር። በዚህ ክሪስታል እያንዳንዱ ማንጋኒዝ በስድስት ኦክስጅኖች መካከል ተቀምጧል፤ አራቱ በዙሪያው፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ባትሪው ሙሉ ሲሆን ማንጋኒዙ አራት ኤሌክትሮኖች የጎደሉት ነው፤ በሚመለከተን ምህዋር የቀሩት ሦስት ኤሌክትሮኖች ለየራሳቸው መቀመጫ አላቸው፣ ምርጫ የለም፣ ስለዚህም ቅርጹ የተመጣጠነ ነው። ባትሪው ሲያገለግል ግን ለማንጋኒዙ አንድ ኤሌክትሮን ይመለስለታል። ይህ አራተኛው ኤሌክትሮን ሁለት እኩል መቀመጫዎች ይጠብቁታል፤ አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች ኦክስጅኖች የሚያመለክት፣ ሌላው ወደ ዙሪያዎቹ አራቱ። የላይና የታቹን ሲመርጥ ሁለቱን ኦክስጅኖች ይገፋቸዋል፤ ማሰሪያዎቻቸውም ከሌሎቹ አራቱ በአሥር በመቶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይረዝማሉ። ያንና ቴለር በ1937 በወረቀት ላይ ያረጋገጡት ነገር ይኸው በባትሪ ሆድ ውስጥ ሆነ።

አንድ ማንጋኒዝ ብቻውን ቢዛባ ብዙም ባልጎዳ ነበር። ይሁንና ጎረቤታሞቹ ማንጋኒዞች ኦክስጅን ይጋራሉ። በተጨናነቀ ታክሲ ውስጥ አንዱ ክርኑን ሲዘረጋ አጠገቡ ያለው መሰብሰቡ እንደማይቀር ሁሉ፣ የአንዱ መርዘም የጎረቤቱን አቅጣጫ ይወስናል። ኤሌክትሮን የተመለሰላቸው ማንጋኒዞች ቁጥር ከግማሽ ሲያልፍ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ ኩብ የነበረው ክሪስታልም ወደ አንድ ጎን የተዘረጋ ይሆናል። የቁመቱና የወርዱ ምጣኔ ለውጥ ወደ 16 በመቶ ይደርሳል። በብርጭቆ ወይም በሸክላ ላይ ይህን ያህል ለውጥ የሚያስከትለውን የሚያውቅ ሰው፣ ክሪስታሉ በየዙሩ ይህን ሲቀበል ለምን እንደሚሰነጣጠቅ አይጠፋውም። የተሰነጠቀው ቅንጣት ከኤሌክትሪክ መስመሩ ይለያል፤ ያ የባትሪው ክፍል ከእንግዲህ አያገለግልም።

ባትሪው በተለመደው ወሰን ውስጥ ቢሠራ ክሪስታሉ ከዚህ አደጋ ጠርዝ ላይ ይቆማል፤ ሊቲየሙ ሙሉ በሙሉ ሲመለስ ከማንጋኒዞቹ ልክ ግማሾቹ ኤሌክትሮን ተመልሶላቸዋልና። ግን የቅንጣቶቹ ገጽ ከውስጣቸው ቀድሞ ይሞላል፤ ባትሪው እስከ ታች ሲሟጠጥ ገጹ ወሰኑን ተሻግሮ ይዛባል። ባትሪን እስከ መጨረሻው አታሟጥጡ የሚለው ምክር ለማንጋኒዝ ባትሪ እጥፍ እውነት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ ሙቀት ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። ምርጫ ያለባቸው ሁለት ማንጋኒዞች እርስ በርስ ተቀያይረው አንዱ ኤሌክትሮን ሲያጣ ሌላው ሲያገኝ፣ ያገኘው ማንጋኒዝ በባትሪው ፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟ ይሆናል። ፈሳሹ ውስጥ የሚፈጠር ጥቂት አሲድ ይህን ያፋጥነዋል፤ ሙቀትም እንዲሁ። የሟሟው ማንጋኒዝ ወደ ሌላኛው ዋልታ ሄዶ በዚያ ያለውን ገጽ ያበላሻል። የቤይሩትን ኦገስት የሚያውቅ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በምትመታው ሰገነት ላይ በተሠራ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ባትሪ ምን ዓይነት ቀን እንደሚያሳልፍ መገመት ይችላል። ከተማዋ በባሕር ዳር ስለምትገኝ እርጥበቱም ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ አንባቢን ለአፍታ ወደ አሮጌ ትውስታ እንውሰድ። በየገጠሩ ቤት ሬዲዮ የሚያናግረውን «የሬዲዮ ድንጋይ» ያላየ ማን ነው? ያ ድንጋይ የማንጋኒዝ ባትሪ ነው። መሠረቱን የጣሉት ፈረንሳዊው ጆርጅ ለክላንሼ ሲሆኑ ዘመኑ እ.ኤ.አ 1866 ነው፤ ዛሬ የቤይሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም በሌላ ስሙ በሩን የከፈተበት ዓመት። ድንጋዩ ሲያገለግል ማንጋኒዙ ያንን አራተኛ ኤሌክትሮን ይቀበላል፤ ክሪስታሉም ያብጣል፣ ይዛባል። ድንጋይ አንዴ ካለቀ እንደ ስልክ ባትሪ በቀላሉ መልሶ የማይሞላበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሊቃውንቱ ግን እጃቸውን አጣምረው አልተቀመጡም። ከማንጋኒዙ ጥቂቱን በአሉሚኒየም፣ በማግኒዚየም ወይም በተጨማሪ ሊቲየም በመተካት፣ ምርጫ የሚጠብቃቸው ማንጋኒዞች ከግማሽ እንዳያልፉ አደረጉ። ብልሃቱ ግልጽ ነው፤ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ እንዳይሰለፉ በመካከላቸው የማይዛባ ጎረቤት ማስቀመጥ። ዋጋው ደግሞ ባትሪው የሚይዘው ጉልበት ጥቂት መቀነሱ ነው። ሌሎች ማንጋኒዙን ከኒኬልና ከኮባልት ጋር አዋሕደው አራተኛውን ኤሌክትሮን ከማንጋኒዙ ላይ ጨርሶ አስቀሩት፤ በዚህ ዓይነቱ ክሪስታል ማንጋኒዙ ምሰሶ እንጂ ሠራተኛ አይደለም። ብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች የሚጓዙት በዚህ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ደግሞ ማንጋኒዝን መተው ነበር። ጉዲናፍ ወደ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ከተዛወሩ በኋላ እ.ኤ.አ በ1997 ከባልደረቦቻቸው ጋር የሊቲየም የብረት ፎስፌትን አቀረቡ። የዚህ ክሪስታል መዋቅር ከመጀመሪያውም ፍጹም የተመጣጠነ አይደለም፤ ስለዚህ ኤሌክትሮኑ የሚመርጣቸው እኩል መቀመጫዎች አይጠብቁትም። ኦክስጅኑንም ፎስፈረሱ አጥብቆ ይዞታል፤ ከሙቀት የተነሣ በቀላሉ አይለቅም። መጠኑ በየዙሩ ወደ ሰባት በመቶ ያህል የሚለዋወጥ ቢሆንም፣ ያ በስፒኔሉ ያየነው ዓይነት ድንገተኛ መዘርጋት አይደርስበትም። ከአቻዎቹ ያነሰ ቮልቴጅ ይሰጣል፣ ይከብዳልም። ለቤት ግን ክብደት ምን ያደርጋል? ከደረጃ ሥር የሚቀመጥ ባትሪ አይሮጥም። ጉዲናፍ ለሊቲየም ባትሪ ላበረከቱት ሥራ በ2019 በ97 ዓመታቸው የኖቤል ሽልማት ተጋሩ፤ በሽልማቱ ታሪክ በዕድሜ ትልቁ ተሸላሚ ናቸው። በ2023 በመቶ ዓመታቸው ዐርፈዋል።

በቤይሩት ጣሪያዎች ሥር በሊቲየም ስም ከገቡት ባትሪዎች መካከል ይህ የብረት ፎስፌት ዓይነት ዋነኛው የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ከእርሱ ጎን አሁንም አሮጌው የእርሳስና አሲድ ባትሪ በብዛት ይታያል፤ ሲገዙት ይረክሳል፣ ቶሎ ግን ይተካል። ሊራው በወደቀበት፣ ባንክ ያለ ገንዘብም በማይወጣበት አገር ቤተሰቡ ለባትሪ የሚከፍለው ጥሬ ዶላር ብዙ ጊዜ ከውጭ አገር ካለ ዘመድ የተላከ ወይም ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነው። ስለዚህ አንዱ ክሪስታል ለሺዎች ዙር፣ ሌላው ለመቶዎች መቆየቱ በቤተሰቡ ኑሮ ላይ የሚያመጣው ልዩነት ከፍተኛ ነው። ድሃው የከተማው ዳርቻ ነዋሪ ደግሞ ርካሹን ገዝቶ ቶሎ ለመተካት ይገደዳል፤ ውሎ አድሮ ከሀብታሙ የበለጠ ይከፍላል።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያም ቅርብ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ይፋ ካደረገ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የኤሌክትሪክ መኪና እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። ከእነዚህ መካከል ቀደም ባሉ ዓመታት የተሠሩ ያገለገሉ መኪኖች ይገኙበታል፤ ከመጀመሪያው ትውልድ የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ አንዳንዶቹ ባትሪያቸው በማንጋኒዝ ስፒኔል ላይ የተመሠረተ ነበር። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ስለ ኪሎ ሜትሩና ስለ ቀለሙ እንደሚጠይቀው ሁሉ፣ ስለ ባትሪው ክሪስታልና መኪናው ስለቆየበት አገር ሙቀት ቢጠይቅ ለኪሱ ይበጀዋል።

የያንና የቴለር ሕግ ከባትሪ ውጭም ብዙ በር ከፍቷል፤ እዚህ ሁሉንም ማተት አይቻልም። አንዱን ብቻ እንጥቀስ። በዙሪክ አቅራቢያ ይሠሩ የነበሩት አሌክስ ሙለር፣ ኤሌክትሮንና ንዝረት በብርቱ የሚቆራኙበትን ኦክሳይድ ሲፈልጉ ይህን ክስተት እንደ መብራት ይዘው ነበር። ከዮሐንስ ጌኦርግ ቤድኖርዝ ጋር እ.ኤ.አ በ1986 ያገኙት የመዳብ ኦክሳይድ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ተቃውሞ የሚያሳልፈው እስከዚያ ከሚታወቀው ሁሉ በላቀ ሙቀት ነበር። በማግስቱ ዓመት ኖቤልን ተቀበሉ። ዛሬ ስለዚያ ክስተት ትክክለኛ ምክንያት ክርክሩ ቢቀጥልም፣ ሁለቱን ሰዎች ወደ መዳብ ያደረሳቸው ግን የ1937ቱ ሐሳብ ነበር።

ፀሐይን ወደ ኤሌክትሪክ የመለወጥ ሐሳብ ለሊባኖስ አዲስ እንዳልሆነም ማስታወስ ተገቢ ነው። በደቡባዊቷ ናባጢዬ የተወለዱትና በቤይሩት የተማሩት ሐሰን ካሚል አል ሳባህ በአሜሪካው ጀነራል ኤሌክትሪክ ሲሠሩ በዚህ መስክ ፈጠራዎችን አስመዝግበዋል። እ.ኤ.አ በ1935 በመኪና አደጋ ገና በጎልማሳነታቸው አረፉ፤ ያንና ቴለር ጽሑፋቸውን ከማውጣታቸው ሁለት ዓመት በፊት።

የማንጋኒዝ ጉዳይ ደግሞ አልተዘጋም። ፋብሪካዎች የብረት ፎስፌቱን ቮልቴጅ ከፍ ለማድረግ ከብረቱ ከፊሉን በማንጋኒዝ እየተኩ ነው፤ ሊቲየምን በሶዲየም ለመተካት የሚሠሩትም ብዙዎቹ ወደዚሁ ርካሽ ማዕድን ዞረዋል። በሁለቱም ዘንድ አራተኛው ኤሌክትሮን በሩን እያንኳኳ ነው፤ መሐንዲሶቹም ምን ያህል ማንጋኒዝ ማስገባት እንደሚቻል፣ የት ላይ ማቆም እንደሚገባ እየለኩ ይገኛሉ። በመጪዎቹ ዓመታት በዶራም ሆነ በመርካቶ ሱቅ «አዲስ ዓይነት» ተብሎ የሚቀርብ ባትሪ ሲገኝ፣ ገዢው ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን የማዕድን ስም፣ የዋስትናውን ዘመንና ዋስትናው በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደተሰጠ አንብቦ ገንዘቡን ቢቆጥር መልካም ነው።